ሸረሪት “በሞቴ” አይባልላትም

ፍኖተ ሰላም ያለው የአክስቴ ልጅ በቀደም ደወለልኝ። “አያ፣ ሸረሪቷ ሞተችብኝ!” ቡናማዋን መበለት፣ የብላክ ዊዶውን (የጥቁሯን መበለት) ዘመድ፣ በማር ብልቃጥ ይዞ ያሳድጋል። አውጥቼ ልጣላት ሲል “ተው፣ መጀመሪያ ፎቶ ላክ” አልኩት። የሞተች የመሰለችው ባዶ ቆዳዋ ነበር። እሷ ቆዳዋን ቀይራ፣ ገርጣ ብላ ክዳኑ ሥር ተንጠልጥላለች። ልክ እጁ በሚያልፍበት በኩል!

እኔን ከጠየቃችሁ መርዘኛ ሸረሪት ቤት ውስጥ ባይያዝ ይሻላል። ያዝን ካላችሁ ግን እነዚህን ስህተቶች ተዉ።

እንደ እንግዳ ማብላት። ጎጃሜ እንግዳውን “በሞቴ” ሳይል አይለቅም። ለሸረሪት ይህ አይሠራም። ላደገች መበለት በሳምንት አንድ ዝንብ ወይም ትንሽ ፌንጣ ይበቃታል። ሆዷ ከተነፋ የሚቀጥለውን ቀለብ ዝለሉት። ሳትበላ ሳምንታት ብትቆይ አይገርምም። እንጅባራን በመሰለ ብርድ አገርማ ጭራሽ ትቀንሳለች። የምትሰጧት ነገር ከራሷ ሰውነት አይብለጥ። ደግሞ በእጅ ጉርሻ የለም፤ ረጅም ወረንጦ ያዙ።

የተረፈውን መተው። ቆዳ ልትቀይር ስትል መብላት ታቆማለች። ቆዳዋን እንደቀየረች ሰውነቷ ለስላሳ ነው። ያን ጊዜ ታዳኙ አዳኝ ይሆናል፤ ፌንጣው ይበላታል። በአንድ ቀን ውስጥ ያልተበላውን አውጡ።

ፌንጣ ከየትም መልቀም። በአጨዳ ሰሞን የጤፍ ማሳ ላይ ፌንጣ ሞልቷል፤ ያጓጓል። ማሳው ማላታይን የሚባለው ፀረ-ተባይ ተረጭቶበት ከነበረ ግን ለሸረሪቷ መርዝ አበላችኋት ማለት ነው። ካልተረጨ ሣር ልቀሙ፤ ወይም ራሳችሁ አርቡ።

ክዳን ከላይ መክፈት። እኔን አንድ ጊዜ ላብ ያጠመቀኝ ይሄ ነው። መበለት ድሯን ክዳኑ ላይ አያይዛ ተዘቅዝቃ ትኖራለች። ክዳኑን ስታነሱ ድሩም እሷም አብረው ይመጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ከጎን ትንሽ ቀዳዳ አበጁና በጥጥ ድፈኑት፤ ምግቡን በዚያ አስገቡ።

ሰፊ የአየር ቀዳዳ። ከዱር የያዛችኋት እንስት ከወንድ ጋር ቀድማ ተገናኝታ ሊሆን ይችላል። ብቻዋን ብልቃጥ ውስጥ ሆናም እንቁላል ትጥላለች። ከረጢቱ እንደ አሜኬላ እሾህ እሾህ ያለው ድቡልቡል ነው። ከአንዱ ከረጢት ከ100 በላይ ጫጩት ሊፈለፈል ይችላል፤ ነጥብ የሚያህሉ ናቸውና በቀዳዳው ሾልከው ይወጣሉ።

“ብትነድፈኝ መርፌ አለ” ማለት። ፀረ-መርዝ እንደ ፓራሲታሞል ከየፋርማሲው አይገዛም፤ ለሁሉም ሸረሪት አንድ ዓይነትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ለአውስትራሊያዋ መርዘኛ የሲድኒ ሸረሪት የወጣው ለመበለት አይሆንም። የቡናማዋ ንድፊያ አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል። የጥቁሯ ግን ሆድ ድረስ የሚያኮማትር ሕመምና ላብ ያመጣል፤ በሕፃን ላይ ይብሳል። መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥፍር አድርጎ ማሰር አይረዳም። በሳሙና ታጠቡ፤ የሸረሪቷን ፎቶ ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

የመጨረሻው፣ ምልክት አለመለጠፍ። ያ ልጅ ብልቃጡን ያስቀመጠው የወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ነበር። አክስቴ ለቁርስ ማር ፈልጋ ክዳኑን ልትጠመዝዝ ስትል ነው የደረሰባት። አሁን በቀይ እስክሪብቶ “መርዝ” ተጽፎበታል። እሷ እቴ፣ “ብልቃጤን መልስ” እንዳለች ነው።