ክሎሪን አልበቃ ያለው የጋራ ጉድጓድ፦ ችግርና መፍትሄ

ምልክት፦ ጉድጓዱ በክሎሪን ታክሞ የላቦራቶሪው ውጤት ንጹሕ ነበር፤ ዝናቡ ሲከታተል ኢ. ኮላይ (ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ) ተመልሶ ተገኘ።

በአቃቂ ቃሊቲና በገላን ዳርቻ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይህ ነው። የውሃ ኮሚቴው ወዲያው የጎረቤትን መጸዳጃ ቤት ይከሳል። መጸዳጃው ከ30 ሜትር በታች ከቀረበ ወይም በዳገቱ በኩል ካለ መጠርጠሩ ተገቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋተኛው በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ያለው የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ወለል ነው። አፈሩ መረሬ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ በላዩ የተነጠፈውን ስስ ሲሚንቶም ይሰብረዋል። ጀሪካን የታጠበበትና ከብት የረገጠው ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል።

ለማረጋገጥ እኩለ ቀን ላይ ክዳኑን አንሱና በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ አብሩ፤ ሌላ ሰው ስንጥቁ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ያፍስስ። ግድግዳው በተሠራባቸው የኮንክሪት ቀለበቶች መገጣጠሚያ ላይ የሚያብለጨልጭ እርጥበት ሲወርድ ታያላችሁ። በየክረምቱ ክሎሪን ሲገዛ የኖረ አንድ ኮሚቴ ነበር፤ መስታወቱን ስናበራ ጭቃ ውሃው ከላይኛው መገጣጠሚያ ሲንዠቀዠቅ ሊቀመንበሩ በዓይናቸው አዩት። ያ ሁሉ ገንዘብ ወለሉን ሁለት ጊዜ ያሠራ ነበር። ማንም ሰው ለማየት ብሎ እንዳይወርድ፤ በጉድጓድ ውስጥ የታፈነ አየር ይገድላል።

መፍትሄ፦ ስንጥቁን በሲሚንቶ መለሰን የማታለል ሥራ ነው፤ በመጪው በጋ ይከፈታል። ወለሉን አፍርሱ፣ መረሬውን ቆፍራችሁ አውጡ፣ በማያብጥ አፈር ተክታችሁ በየንብርብሩ ጠቅጥቁ። የላይኞቹን ቀለበቶች መገጣጠሚያ ከውጭ በሲሚንቶ ድፈኑ፤ ከዚያ ፌሮ ያለው ኮንክሪት አፍስሱ፤ ውሃውን የሚያርቅ ቦይም አውጡለት።

ክሎሪኑ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ለ1 ሜትር ኩብ ውሃ 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና በሊትር 50 ሚሊ ግራም ያህል ይሰጣል። ጉድጓዱ 1.2 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር የውሃ ጥልቀት ካለው 3.4 ሊትር ይበቃል። ለ12 ሰዓት ዘግታችሁ አቆዩ፤ ሽታው እስኪጠፋ ቅዱና ድፉ። እስከዚያ ማንም አይጠጣ። ሽቶ ያለው በረኪና አትጠቀሙ። አፉ ተከፍቶ በሱቅ የከረመ የክሎሪን ዱቄት የሚሸጡ ሰዎች ኃይሉ የወጣ ነገር እየሸጡ ነው።

በማግስቱ ናሙና ወስዶ «ጸድቷል» ብሎ መለጠፍ ሕዝብን ማታለል ነው። ክሎሪኑ ሙሉ በሙሉ ከወጣና ጥሩ ዝናብ ከጣለ በኋላ ውሰዱ፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ. ኮላይ መገኘት የለበትም።

ምልክት፦ ውጤቱ በየጊዜው ይለዋወጣል። ናሙናው በለስላሳ ጠርሙስ መጥቷል። ከላቦራቶሪ ከጀርም የጸዳ ጠርሙስ ውሰዱ፣ አፉን በጣት አትንኩ፣ በበረዶ አድርጋችሁ በ6 ሰዓት ውስጥ አድርሱ።

ምልክት፦ ውሃው ቀይ ዝገት ይተዋል። ምክንያቱ በውሃው ውስጥ ያለ ብረት ወይም ያረጀ ቧንቧ ነው።

ምልክት፦ ናይትሬት (ከሰገራና ከማዳበሪያ ወደ ውሃ የሚገባ ኬሚካል) በሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በላይ ነው። ማፍላት ያከማቸዋል እንጂ አያስወግደውም፤ ለሕፃን የዱቄት ወተት በዚህ ውሃ አይበጥበጥ። ፍሎራይድም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም ካለፈ ማፍላትም ክሎሪንም አይረዳም፤ ለመጠጥ ሌላ ምንጭ ፈልጉ።