ስም ከመጠየቃችሁ በፊት፦ በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ዘረኝነትን እንዴት እንከላከል

የእህቴ ልጅ የፖሊስ ሥልጠናውን ጨርሶ ኮንስታብል ሆኖ በተመደበ ሰሞን ጅማ፣ ሕርማታ ቤቴ ድረስ መጣ። ሁለተኛውን ቡና እየጠጣን ሳለ፣ «አክስቴ፣ ሰውን በብሔሩ የሚያንጓጥጥ አለቃ ቢያጋጥመኝ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። ሃያ ሦስት ዓመት በፖሊስነት አገልግዬ ነው በዋና ሳጅንነት ጡረታ የወጣሁት። እንዲያም ሆኖ የዚያን ቀን የመለስኩለት ግማሹን ነው። ቀሪውን ለእሱም፣ እንደ እሱ አዲስ ለተመደባችሁም፣ ተረኛ ኃላፊ ለሆናችሁም ጽፌዋለሁ።

ዘረኝነት ሲባል የነጭና የጥቁር ጉዳይ ብቻ የሚመስለው የሥራ ባልደረባ ብዙ ነበረኝ። ኢትዮጵያ በ1968 ዓ.ም. የተቀበለችው የዘር መድልዎን ለማስወገድ የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን ገና በአንቀጽ 1 የቆዳ ቀለምን፣ የትውልድ ሐረግንና የብሔር ምንጭን አንድ ላይ ነው የያዘው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲል ብሔርንም ቋንቋንም ጠርቶ ነው። ስለዚህ አንድ የቀን ሠራተኛ በአነጋገሩ ብቻ ተለይቶ ኪሱ ሲፈተሽ፣ የድርጊቱ ስም ይኸው ዘረኝነት ነው።

አንድ ሌሊት

የትኛው ከተማ፣ የትኛው ጣቢያ እንደሆነ አልናገርም። ጥፋቱ ግን የእኔም ስለሆነ እነግራችኋለሁ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ አንድ ወጣት ተሸካሚ ቅንድቡ ደምቶ፣ ሸሚዙ ተቀዶ ወደ ጣቢያው ገባ። ዳውሮኛ ነው አጥርቶ የሚናገረው። አማርኛውም ኦሮምኛውም ይቆራረጥበታል፤ በዚያ ላይ ደንግጧል። አንዱ ባልደረባዬ፣ «እነዚህ ሰዎች ደሞዝ ሲቀበሉ እንዲህ ናቸው፣ ጠጥቶ ተደባድቦ ነው» አለ። እኔ ተረኛ ኃላፊ ነበርኩ። ትንፋሹን እንኳ አላሸተትኩም። «ይደር» አልኩና ማረፊያ ክፍል አስገባሁት።

ጠዋት ሻይ የምታመጣልን ሴትዮ ድምፁን ሰምታ በቋንቋው አነጋገረችው። የሳምንት ደሞዙን ተዘርፎ ሊያመለክት ነበር የመጣው። ዘራፊዎቹን አይቷቸዋል፤ አንደኛውን ያውቀዋል። እኛ ግን የተበደለውን አስረን ለበዳዮቹ አንድ ሙሉ ሌሊት ሰጠናቸው።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ሥልጠና ላይ ስለ ለንደኑ ስቲቨን ሎውረንስ ስንማር ያ ልጅ ትዝ አለኝ። ስቲቨን የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1993 አውቶቡስ ሲጠብቅ ነጭ ወጣቶች በስለት ወግተው ገደሉት። አብሮት የነበረውን ጓደኛውን ድዌይን ብሩክስን ፖሊሶቹ እንደ ተጎጂና እንደ ዋና ምስክር አላዩትም፤ የሚጮህና የሚያስቸግር ልጅ አድርገው ነው ያዩት። በዳኛ ማክፈርሰን የተመራው ምርመራ በ1999 ሲወጣ የለንደን ፖሊስ ተቋማዊ ዘረኝነት እንዳለበት ተናግሮ 70 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። ተቋማዊ ያለው ባለማወቅና ባለማስተዋል፣ በለመዱት አሠራር ውስጥ የሚፈጸመውንም ጭምር ነው። በዚያ ሌሊት ከመካከላችን ልጁን የጠላው ሰው አልነበረም፤ ግን ታሰረ። ለዚህ ነው መፍትሔውን በሰው ልብ ውስጥ ሳይሆን በሥራችን ቅደም ተከተል ውስጥ የምፈልገው።

ምክንያቱ ከስሙ ይቅደም

ሰው ከማስቆማችሁ በፊት በልባችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱ፦ «ይህን ሰው የማስቆመው እንዲህ ሲያደርግ ስላየሁት ነው።» «የተቆለፈ በር ሲገፋ»፣ «ቦርሳ ጥሎ ሲሮጥ» ብላችሁ መሙላት ከቻላችሁ አስቁሙ። «ሁኔታው አላማረኝም» ግን የእናንተን ስሜት እንጂ የሰውየውን ድርጊት አይናገርም፤ ይለፍ። መጀመሪያ ስሙን ከጠየቃችሁ ስሙ ራሱ ምክንያት እየሆነ ይመጣል። ይህን በራሴ አይቼዋለሁ።

መታወቂያ ስታዩ ፎቶውንና ስሙን አመሳክሩ፣ ጊዜው አለማለፉን እዩ፣ መልሱ። በቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበረ፤ በፋይዳ ላይ የለም። የሌለውን መስመር በአፋችሁ አትሙሉት። «አባትህ የየት አገር ሰው ነው?» ብሎ መጠየቅ ሌባ ለመያዝ የጠቀመበት አንድም ቀን በሃያ ሦስት ዓመቴ አላጋጠመኝም።

አመልካቹም የራሱን ጥላቻ ይዞ ይመጣል። እዚህ ጅማ፣ መርካቶ ላይ ስልኳን የተሰረቀች ሴት «የእነ እገሌ ብሔር ልጅ ነው» ስትላችሁ ያንን ተቀብላችሁ በሬዲዮ አታሰራጩ፤ ብሔር መልክ አይደለም። ቁመቱ ከእርሷ ይበልጣል? የጃኬቱ ቀለም? ጫማ ነው ወይስ ሰንደል ያደረገው? ወደ አዌቱ ድልድይ ወረደ ወይስ ወደ አጂፕ ወጣ? በባጃጅ ከሄደ የባጃጇ ቁጥር? እነዚህን ስትጠይቋት እርሷም ማሰብ ትጀምራለች። መልስ ካጣች ደግሞ ያላትን ብቻ መዝግቡ።

መዝገቡን ቁጠሩት

ይህን ክፍል ተረኛ ኃላፊዎች ሁለት ጊዜ አንብቡልኝ። አንድ ጣቢያ አድልዎ እንዳለበት የሚታወቀው በስብሰባና በግምገማ አይደለም። በግምገማ ላይ ሁሉም «እኔ ዘረኛ አይደለሁም» ይላል፤ ከልቡም ነው የሚለው። እውነቱ ያለው የዕለት ሁኔታ መዝገቡ ውስጥ ነው።

በለንደን ብሪክስተን እ.ኤ.አ. በ1981 ፖሊስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ900 በላይ ሰዎችን መንገድ ላይ አስቁሞ ፈተሸ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ሰው የታሰሩት 118 ናቸው። ሰፈሩ ወዲያው በአመፅ ነደደ። ከዚያ በኋላ በ1984 የወጣው ሕግ ፖሊስ ሰው ሲፈትሽ ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያሰፍር፣ የተፈተሸውም ሰው ግልባጩን የመጠየቅ መብት እንዲኖረው አደረገ። ችግሩ በዚህ ብቻ አላበቃም፣ ግን መቁጠር ተቻለ። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ አይቆጠርም።

እናንተ ዘንድ እንዲህ አድርጉት። በወሩ መጨረሻ ቀን አንድ ተራ ደብተር ላይ ዓምዶች አስምሩ፤ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተያዘበት ምክንያት፣ የሰውየው ሥራ፣ የተናገረው ቋንቋ፣ አስተርጓሚ ተጠርቶለት እንደሆነ፣ ከገባበት ሰዓት ቃሉን እስከ ሰጠበት ድረስ ስንት ሰዓት እንደጠበቀ፣ መጨረሻው ምን እንደሆነ። ከዚያ «በነፃ ተለቀቀ» የሚለውን ብቻ ለዩ። ያለ ምንም ክስ ከተለቀቁት ውስጥ ብዙዎቹ ከአንድ ሰፈር የመጡ ተሸካሚዎች ወይም የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ከሆኑ፣ ጣቢያችሁ ሰው የሚይዘው በድርጊቱ አይደለም ማለት ነው።

ብሔር የሚል ዓምድ ግን አታስምሩ። በውጭ አገር ተመራማሪዎች ለቁጥጥር ብለው ይህንኑ ይመዘግባሉ፣ ምክንያታቸውም ይገባኛል። በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለ ዝርዝር ነገ በማን እጅ እንደሚገባ ማንም ዋስትና አይሰጥም። ቋንቋ፣ ሥራና ሰፈር በቂ ያሳያሉ።

ቋንቋ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ሊነገረው ይገባል፤ ላለመናገር መብት እንዳለውም እንዲሁ። የኦሮሚያ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ነው። ጅማ ግን የገበያ ከተማ ናት። ዳውሮኛ፣ የምኛ፣ ካፊኛ፣ ጉራጊኛ፣ ስልጢኛ የሚናገር ሁሉ ይመጣባታል። እንደ እኔ አማርኛ አፉን የፈታ የከተማ ሰው ደግሞ አለ፤ ኦሮምኛው ለገበያ እንጂ ለቃል መስጫ የማይበቃ። ስለ ራሴ ቋንቋ ብቻ ግን አልሟገትም። ልጅ ሳለሁ «አደ» እያልን የምንጠራቸው ጎረቤታችን፣ ከኦሮምኛ በቀር የማይናገሩ እናት፣ በዚያ ዘመን በአማርኛ ብቻ በሚሠራ ችሎት ፊት ስለ መሬታቸው አንድ ቃል ሳያስረዱ ተመልሰው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ዛሬም ማንም በዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ የለበትም።

ግድግዳው ላይ የስም ዝርዝር ለጥፉ፤ በየቋንቋው ሁለት ሁለት ሰው፣ ከነስልክ ቁጥራቸው። የአመልካቹ ዘመድ አያስተርጉም። አብሮ የታሰረም አያስተርጉም። ቃሉ ተጽፎ ሲያልቅ አሻራ ከማስደረጋችሁ በፊት በራሱ ቋንቋ መልሳችሁ አንብቡለት፤ «አይ፣ እንዲህ አላልኩም» ካለም ስርዙና ጻፉ።

ያንን ተሸካሚ ልጅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈልጌ አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ወዲያው አልመለሰልኝም። ቆይቶ፣ «ሌላ ሰው እንደ እኔ ቢመጣ ጥሩኝ» አለ። በጣቢያችን ዝርዝር ላይ የመጀመሪያው የዳውሮኛ ስልክ የእሱ ሆነ።

ባልደረባችሁ ሲያጠፋ

የሚያንቋሽሽ ቃል ሻይ ላይ ይጀምራል። ረጅም ትምህርት አያስፈልግም። እዚያው፣ በሰዎቹ ፊት፣ ባጭሩ «እዚህ ሰው በስሙ ነው የሚጠራው» በሉና ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ጆሮ ዳባ ልበስ ካላችሁ በሦስተኛው ቀን ያው ቃል ምርመራ ክፍል ውስጥ ይሰማል።

እጅ ሲነሳ ደግሞ ጊዜ የለም። በሚኒያፖሊስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 2020 ጆርጅ ፍሎይድ አንገቱ በፖሊስ ጉልበት ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ተረግጦ ሲሞት ሌሎች ሦስት ፖሊሶች እዚያው ነበሩ። አንደኛው፣ ሥራ ከጀመረ ገና ቀናት የሆነው፣ «በጎኑ እናዙረው?» ብሎ ጠየቀ። ነባሩ እንቢ ሲለው ከመጠየቅ አላለፈም። አራቱም ተፈርዶባቸዋል። የእህቴ ልጅ ሆይ፣ አንተ ጀማሪው ነህ፤ ስለዚህ አትጠይቅ። አለቃህን በማዕረጉ ጥራው፣ እጅህን በትከሻው ላይ አድርግ፣ «እኔ ልያዘው፣ እርስዎ ይረፉ» በለው፣ በመካከላቸውም ግባ። መከባበሩ ሳይጎድል እጁ ከሰውየው ላይ ይነሳል። ከዚያ ያየኸውን በዚያው ቀን፣ ሰዓቱን ጠቅሰህ በጽሑፍ ለበላይ ኃላፊ አቅርብ፤ ግልባጩ በእጅህ ይቅር።

በፖሊሶች መካከልም አድልዎ አለ። ዝናብ በሚጥልበት ሌሊት ጥበቃ ማን ይወጣል? ሥልጠና ማን ይላካል? የስድስት ወሩን የተራ ዝርዝር ብቻ አውጥታችሁ እዩ።

በእናንተ ላይ ከደረሰ

አሁን ደግሞ ለነዋሪዎች። ፖሊስ ሲያስቆማችሁ አትታገሉ፣ አትሩጡ። «ለምን እንደያዛችሁኝ ንገሩኝ» በሉ። የፖሊሱን ስም ወይም ቁጥር፣ ሰዓቱንና ቦታውን ያዙ። ቤተሰብ ሰዓት ይቁጠር፤ ወደ ፍርድ ቤት የመጓጓዣው ጊዜ ሳይታሰብ የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት። ካልቀረበ ፍርድ ቤቱ አካልን ነፃ እንዲያወጣ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። በአንቀጽ 21 መሠረት የትዳር ጓደኛ፣ ዘመድ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ ሊያዩት ይችላሉ።

ቅሬታውን «ዘረኞች ናቸው» ብላችሁ አትጀምሩት። የተባለውን ቃል እንደተባለው ጻፉ፣ ማን እንዳለው፣ ማን እንደሰማ፣ በዚያው ሰዓት ከእናንተ ጋር ቆሞ ሳይነካ የታለፈው ማን እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከሁሉም ይበልጣል፤ አድልዎ የሚታየው በንጽጽር ነውና። መጀመሪያ ለጣቢያው አዛዥ አቅርቡ፤ መልስ ከሌለ ለከተማው ፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ጅማ ላይ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤት አለው። የጠበቃ ገንዘብ ለሌላችሁ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። በየሄዳችሁበት ሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ። አንዱን ስጡ፣ በሁለተኛው ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ቁጥር ጽፎ ማኅተም ያድርግበት፤ ያንን ሳትይዙ ከበሩ አትውጡ።