ከቀይ ባሕር አሸዋ ባክቴሪያ ስታወጡ የማብቀያ ሳህኑን ቶሎ አትጣሉት

የምሠራው በእስራኤል የቀይ ባሕር ከተማ ኤላት ነው፤ ከባሕር ወለል አሸዋ ለመድኃኒት የሚሆኑ ባክቴሪያዎችን በምናወጣበት ላቦራቶሪ። ለመመረቂያ ጽሑፋችሁ ይህን ርዕስ ያሰባችሁ ልጆች ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ፣ አንዷን ይዤ ላሳያችሁ፤ ሳሊኒስፖራን።

ሳሊኒስፖራ ትሮፒካ የተገኘችው ከባሃማስ ባሕር ደለል ነው። በ2003 በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ ተቋም ተመራማሪዎች ከእሷ ሳሊኖስፖራማይድ ኤ የተባለ ንጥረ ነገር ማውጣታቸውን አሳወቁ። ንጥረ ነገሩ ሕዋስ አላስፈላጊ ፕሮቲኖቹን የሚጠርግበትን ፕሮቲያሶም ይዘጋል፤ የካንሰር ሕዋስ ደግሞ ይህን አይችለውም። ሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል። እህቷ ሳሊኒስፖራ አሬኒኮላ እዚሁ ቀይ ባሕር ውስጥ አለች።

መጀመሪያ ፈቃድ አውጡ። ኮራል ካለበት ቦታ እፍኝ አሸዋ እንኳ ያለ ፈቃድ አይነሣም። ደለሉን በንጹሕ ቱቦ ውሰዱ። አንድ እጅ ደለል በአራት እጅ ከጀርም በጸዳ የባሕር ውኃ በጥብጡና 55 ዲግሪ ላይ ለ6 ደቂቃ አሙቁት። ሙቀቱ ቶሎ የሚበዙትን ይቀንሳል፤ ስፖር፣ ማለትም ዘር መሰል ጠንካራ አካል፣ ያላቸው ይተርፋሉ።

ለማብቀያው በ1 ሊትር የባሕር ውኃ 10 ግራም ስታርች፣ 4 ግራም የእርሾ ኤክስትራክት፣ 2 ግራም ፔፕቶንና 18 ግራም አጋር (ፈሳሹን እንደ ጄሊ የሚያረጋው) ይበቃል። በእንፋሎት ጀርም ከሚገድለው ከአውቶክሌቭ ወጥቶ በረድ ሲል ሻጋታ እንዳይወረው ሳይክሎሄክሲማይድ ጨምሩበት። ለሰውም መርዝ ነውና ያለ ጓንት እንዳትነኩት። የባሕር ውኃውን ደግሞ በቧንቧ ውኃ አትተኩት። ሳሊኒስፖራ ያለ ባሕር ውኃ አትበቅልም።

ያሞቃችሁትን ብጥብጥ በሳህን ላይ በረጋው ማብቀያ ላይ ቀቡት። ከባዱ ከዚያ በኋላ መጠበቁ ነው። በሦስተኛው ቀን ሳህኑ በነጭና በክሬም ቀለም ይሞላል፤ እነዚያ እሷ አይደሉም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት «በቃ፣ የለችም» ብዬ 40 ሳህን ጣልኩ። እስካሁን ይቆጨኛል። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ስጧት፤ አጋሩ እንዳይደርቅ ሳህኑን በፕላስቲክ ጠቅልሉት።

ስትመጣ ታውቋታላችሁ። ብርቱካንማ ናት፤ ትንሽ፣ ደረቅ ያለች። በመርፌ ስትነኳት እንደ ሌሎቹ ተላቅቃ አትነሣም፤ አጋሩን ነክሳ ትይዛለች፣ ከነአጋሩ ቆርጣችሁ ነው የምታወጧት። ስትቆይ ጥቁር አዝሙድ የተነሰነሰባት ትመስላለች። ጥቁሩ ስፖሯ ነው።

ያቺኑ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምር) በሁለት ሳህን አብቅሉ፤ አንዱ በባሕር ውኃ፣ ሌላው በተጣራ ውኃ የተሠራ ይሁን። በባሕር ውኃው ላይ ብቻ ከበቀለች፣ ግማሹን በግሊሰሮል ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ አስቀምጡ፤ ቀሪውን የባክቴሪያን ማንነት ለሚለየው የ16ኤስ ጂን ምርመራ ላኩት።