የጋላክሲ ፎቶ አልወጣ ሲላችሁ፦ መጀመሪያ ኮከቡን እዩት

ጋላክሲ ያነሳችሁት ፎቶ ሲበላሽ ምን እንደነካው ከጋላክሲው ላይ ማወቅ አትችሉም፣ ምክንያቱም ጋላክሲ በተፈጥሮው ጭጋግ የመሰለ ነገር ነው፣ ፎከስ ቢስትም ቢንቀሳቀስም ያው ጭጋግ ነው የሚመስለው። ኮከብ ግን ነጥብ መሆን አለበት። ነጥብ ካልሆነ የሆነ ቦታ ችግር አለ ማለት ነው፣ የተበላሸበት ቅርፅ ደሞ ችግሩ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት አንዱን ፍሬም (ካነሳችኋቸው ፎቶዎች አንዱን) ላፕቶፕ ላይ ክፈቱና መቶ ፐርሰንት ዙም አድርጋችሁ መሀሉንም አራቱን ጥግም እዩ። ስታክ የተደረገውን (ብዙ ፎቶ በሶፍትዌር ተደርቦ አንድ የሆነውን) ሳይሆን ነጠላውን ፍሬም ነው የምላችሁ፣ ስታክ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል።

የምጽፈው አዲስ አበባ ጓሮው ላይ ሆኖ ለሚያነሳ ሰው ነው፣ ኢላማችን ደሞ አንድሮሜዳ ጋላክሲ፣ በካታሎግ ስሙ ኤም 31። 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል ግን ሰማይ ላይ ወደ 3 ዲግሪ ይሰፋል፣ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ብትደረድሩ ማለት ነው። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ሲጠራ ይጀመራል፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። (አንድሮሜዳ በግሪኮች ተረት እነሱ ኢትዮጵያ በሚሉት አገር የነገሠው የኬፍዩስ ልጅ ናት፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል።)

ጎቶው ወደ መሬት ወይ ወደ ግድግዳ ይጠቁማል

ጎቶ ማለት ቴሌስኮፑን ራሱ ወደ መረጣችሁት ኮከብ የሚያዞረው ሲስተም ነው። ይሄ እኛ አገር የሚበዛ ችግር ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ሪሞቱ (ማውንቱን፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚያዞረውን መቀመጫ፣ የምታዙበት) ሰዓት ሲጠይቃችሁ "3 ሰዓት" ብላችሁ ካስገባችሁ ለሱ ሌሊት 9 ሰዓት ነው፣ ሰማዩ ሌላ ቦታ ነው ያለው። 21:00 ነው የሚገባው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን፣ ብዙዎቹ ሪሞቶች ደሞ ወር አስቀድመው ነው ቀን የሚጠይቁት። ታይም ዞን +3፣ ዴይላይት ሴቪንግ ኖ፣ ቦታው ሰሜን 9 ዲግሪ፣ ምስራቅ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ። ምስራቅ መሆኑን ሁለቴ አረጋግጡ፣ አንዳንዱ ሪሞት ከፋብሪካ ሲወጣ ምዕራብ ላይ ተደርጎ ነው።

ሁሉም ልክ ሆኖ መሀል ላይ ከቆመ ወይ ከሳተ ባትሪውን ለኩ። 12 ቮልቱ ሲወርድ ሞተሩ ይንገዳገዳል፣ የላላ የባትሪ ገመድም እንደዛው ያደርጋል።

ኮከቦቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትተዋል

መሀሉም ጥጉም እኩል ከተጎተተ፣ ሁሉም ፍሬም ላይ ደሞ አቅጣጫው አንድ ከሆነ፣ ፖላር አላይመንቱ ነው፣ ማለትም የማውንቱ መዞሪያ ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ አልሆነም። ፍሬም በተቀያየረ ቁጥር አቅጣጫው ከተቀያየረ ግን ንፋስ ነው ወይ አጠገቡ ሰው ተራምዷል፣ እሱን ለይታችሁ እለፉት።

ስህተቱ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር እንየው። 400 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ላይ 4.3 ማይክሮን ፒክስል ያለው ካሜራ ብትገጥሙ አንዷ ፒክስል 2.2 አርክ ሰከንድ ገደማ ትይዛለች (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3600ኛ ነው)። አንድሮሜዳ ያለችበት ጋ ሰማዩ በሰከንድ 11 አርክ ሰከንድ ይሄዳል። ማለትም ማውንቱ ባይከታተል በአንድ ሰከንድ ብቻ 5 ፒክስል ተጎተተ። እኛ ደሞ 60 ሰከንድ ነው የምንፈልገው።

አሁን የማውንቱ መመሪያ ምን ይላል፣ "የሰሜን ኮከብን በፖላር ስኮፕ ፈልጉ" ይላል፣ ማውንቱ ላይ ባለችው ትንሽ መነጽር ማለት ነው። የጻፉት ሰዎች 40 እና 50 ዲግሪ ሰሜን ላይ ነው የሚኖሩት፣ ለነሱ የሰሜን ኮከብ ከጣሪያ በላይ ነው። እኛ ጋ ከአድማሱ 9 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ እጃችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ብትጨብጡ የአንድ ጡጫ ስፋት። አጥር ይጋርደዋል፣ ባህር ዛፍ ይጋርደዋል፣ እንጦጦ ስር ከሆናችሁ ጋራው ራሱ ይጋርደዋል፣ ባይጋረድም የከተማው ጭስና ብርሃን ውስጥ ነው። እኔ አንድ ሙሉ በጋ ግቢ ለግቢ እሱን ስፈልግ ነው ያለፈው፣ ሳያዩት መስራት እንደሚቻል ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ጥርት ያለ ሌሊት አላባክንም ነበር።

መፍትሄው ድሪፍት ነው፣ ኮከቡ ወዴት እንደሚንሸራተት እያዩ ዘንጉን ማስተካከል። ማውንቱን በስልክ ኮምፓስ ወደ ሰሜን አዙሩ፣ ስልኩን ከብረቱ ራቅ አድርጉት ብረት ኮምፓስ ያሳስታል፣ ከፍታውን 9 ላይ አድርጉ። ከዛ ወደ ደቡብ ዙሩና ከአናታችሁ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ በሰማይ ወገብ (ከምድር ወገብ ልክ በላይ ባለው የሰማይ መስመር) አካባቢ ያለ ደመቅ ያለ ኮከብ ካሜራው ላይቭ ቪው ላይ አስገብታችሁ ዙም አድርጉ። መጀመሪያ ሰሜኑ የቱ ጋ እንደሆነ እወቁ፦ ቴሌስኮፑን ትንሽ ወደ ሰሜን ግፉት፣ ኮከቡ ስክሪኑ ላይ የሸሸበት አቅጣጫ ደቡብ ነው። ከዛ ትራኪንግ ላይ አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ኮከቡ ወደ ደቡብ ከተንሸራተተ የማውንቱ ዘንግ ወደ ምስራቅ አዘንብሏል፣ ወደ ምዕራብ መልሱት። ወደ ሰሜን ከሄደ ተቃራኒው። ወደ ምስራቅና ምዕራብ የሚያደርገውን እርሱት፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ይሄ ሲስተካከል በምስራቅ በኩል 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ያለ ኮከብ ያዙ፦ ወደ ደቡብ ከሄደ ዘንጉ ዝቅ ብሏል ከፍ አድርጉት፣ ወደ ሰሜን ከሄደ ከፍ ብሏል ዝቅ አድርጉት። መጀመሪያ ቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከዛ የትራይፖዱ ሶስት እግር ያረፈበትን ቦታ ሲሚንቶው ላይ በቀለም ምልክት አድርጉበት፣ ሁለተኛ ቀን አስር ደቂቃ ነው። ላፕቶፕ ውጪ ማውጣት የምትችሉ ደሞ ኒና የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፣ የሶስት ነጥብ ፖላር አላይመንት የሚሰራ ፕለጊን አለው፣ የሰሜን ኮከብ ባይታይም ሌላ ሰማይ ላይ ይሰራል።

ማውንቱ 9 ድረስ አልወርድ ካለ አትደንግጡ፣ ብዙ ማውንት 15 ምናምን ላይ ይቆማል። ትራይፖዱ ልክ አግዳሚ መሆን የለበትም፣ ሰው ሁሉ ውሃ ልክ ላይ ይጨነቃል እንጂ ዋናው የዘንጉ አቅጣጫ ነው። የደቡቡን እግር ከፍ አድርጉት ወይ ከስሩ ብሎኬት አስገቡ፣ ጭንቅላቱ ወደ ሰሜን ያዘነብልና የቀረችውን ዲግሪ ታገኛላችሁ። ክብደቱ ወደ ሰሜን ስለሚያጋድል እንዳይወድቅ መሀሉ ላይ አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ አንጠልጥሉ። የክብደት ዘንጉ ደሞ በኛ ዲግሪ የትራይፖዱን እግር ሊመታ ይችላል፣ ካሜራው ሳይገጠም በእጃችሁ አዙራችሁ ሞክሩት።

መሀሉ ነጥብ ነው፣ ጥጉ ላይ ይዞራል

ጥግ ያሉት ኮከቦች በክብ እየዞሩ ከተጎተቱ ማውንታችሁ አልት-አዝ ነው፣ ግራ ቀኝና ላይ ታች ብቻ የሚሄደው። ኮከቡን መሀል ላይ ይይዛል ግን ምስሉ እዛው ይሽከረከራል። ልክ ምስራቅ ወይ ልክ ምዕራብ ላይ ሽክርክሪቱ የለም ማለት ይቻላል፣ ሰሜንና ደቡብ ወይ አናት ላይ ይብሳል። አንድሮሜዳ ደሞ ከፍ ብላ የምትታየው ሰሜን ላይ ስለሆነ በዛ ሰዓት በሰዓት ወደ 28 ዲግሪ ይዞራል። ስለዚህ 10 ወይ 15 ሰከንድ ብቻ እያነሳችሁ ብዛቱን ጨምሩ፣ 300 ፍሬም፣ 400 ፍሬም፣ ሶፍትዌሩ አዙሮ ይገጥመዋል።

ጥግ ያሉት እንደ ክንፍ ተዘርግተው ሁሉም ጭራቸውን ወደ ውጪ ካዞሩ ግን ሽክርክሪት አይደለም፣ የኒውቶኒያን (በመስታወት የሚሰራ ቴሌስኮፕ) መስታወት ኮማ የሚባል ጉድለቱ ነው፣ ኮማ ኮሬክተር የሚባል ማስተካከያ ሌንስ ይገዛል ወይ ጥጉ ተቆርጦ ይጣላል። መሀል ላይ ያለው ኮከብ ራሱ ጭራ ካለው መስታወቶቹ ተነቃንቀዋል፣ ኮሊሜሽን (መስታወቶቹን መልሶ ልክ ማስገጠም) ያስፈልጋል፣ በተለይ መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ።

በየተወሰነ ደቂቃ ይጎተታል፣ ከዛ ደሞ ይስተካከላል

አምስት ፍሬም ጥሩ፣ ሶስት መጥፎ፣ እንደገና አምስት ጥሩ። የማውንቱ ጥርስ ነው፣ ዋናው ዎርም (ብሎን የመሰለው ጥርስ) አንዴ ሲዞር 8 ወይ 10 ደቂቃ ይፈጃል፣ በሱ ልክ ወዲህና ወዲያ ይላል። ኤክስፖዠር (የአንዱን ፍሬም ማንሻ ጊዜ) አሳጥሩና መጥፎዎቹን ጣሉ፣ ገንዘብ ሲኖር ጋይድ ካሜራ፣ ኮከብ እየተከታተለ ማውንቱን የሚያርም ሁለተኛ ካሜራ ነው። ሚዛኑን ደሞ በምስራቅ በኩል ትንሽ ክብደት እንዲያደላ አድርጉት፣ ጥርሱ ሁሌ እንዲነካካ።

ሁሉም ኮከብ ወፍራም ነው

ፎከስ። ማታ 1 ሰዓት ላይ ያስተካከላችሁት ፎከስ ኅዳር ውስጥ 4 ሰዓት ላይ አይሰራም፣ ብርዱ ሲገባ ቱቦው ይኮማተራል። ቴሌስኮፑን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ውጪ አውጡት፣ በየሰዓቱ ፎከሱን እዩ። ባህቲኖቭ ማስክ (ለፎከስ ቱቦው አፍ ላይ የሚደረግ ስንጥቅ ስንጥቅ ያለው ክዳን) ካርቶን ላይ ቆርጣችሁ መስራት ትችላላችሁ፣ ደማቅ ኮከብ ላይ ስታደርጉት ሶስት ጨረር ይወጣል፣ መሀለኛው ከሁለቱ ልክ መሀል ሲገባ ጨረሳችሁ። ማስኩን ማውጣት እንዳትረሱ።

በመሀል ድንገት ሁሉም እየደበዘዘ ከሄደ ጤዛ ነው፣ ሌንሱን በባትሪ ብርሃን እዩት፣ በጨርቅ እንዳትነኩት። ከስፖንጅ ፍራሽ ረዘም ያለ ኮፍያ ሰርታችሁ ቱቦው አፍ ላይ አልብሱት።

ሌላ ደሞ አለ፦ ኒውቶኒያን ላይ ዲኤስኤልአር ገጥማችሁ ፎከሰሩ (ካሜራውን ወደ ውስጥና ወደ ውጪ የሚያንቀሳቅሰው) መጨረሻ ድረስ ገብቶ እንኳን ኮከቡ ክብ ሳህን ከሆነ ካሜራው አልተበላሸም። የካኖን ሴንሰር ከፊቱ 44 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ነው ያለው፣ አዳፕተሩ ሲጨመር 55 ይሆናል፣ ለአይን የተሰራ ቴሌስኮፕ ያን ያህል አይወጣለትም። ወይ ዋናውን መስታወት በረዘመ ብሎን ወደ ፊት ማምጣት ነው፣ ወይ ባርሎ (ምስሉን የሚያጎላ ሌንስ) ማስገባት፣ ባርሎ ግን አንድሮሜዳን ይቆርጣታል። በ1000 ሚሊሜትር እንኳን የተለመደው ካሜራ የሚይዘው 1.3 ዲግሪ ብቻ ነው። "እንቁላል የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ ነው የወጣልኝ" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ መሀሏን ብቻ ነው ያነሳው።

ሰማዩ ብርቱካናማ ወይ ግራጫ ሆነ

ሂስቶግራሙን (ካሜራው ላይ ብርሃኑ ከጨለማ ወደ ደማቅ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ። ጉብታው ከግራ ሩብ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ ወደ መሀል ካለፈ ኤክስፖዠሩን አሳጥሩ። የከተማ ብርሃን ነው፣ ኔቡላ (የጋዝ ደመና) ላይ የሚሰራው ጠባብ ፊልተር ደሞ ጋላክሲ ላይ እምብዛም አይረዳም፣ የጋላክሲ ብርሃን የከዋክብት ብርሃን ስለሆነ በሁሉም ከለር ነው የሚመጣው። የሚረዳው ጊዜ ነው፦ ጥራቱን እጥፍ ለማድረግ አራት እጥፍ ጊዜ። ግማሽ ሰዓት ያነሳ ሰው ሁለት ሰዓት ያንሳ። ጨረቃ የሌለችበትን ሳምንት ምረጡ፣ ለበዓል ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ይዛችሁት ሂዱ፣ ሰፈሩ መብራት የጠፋበትን ማታ ደሞ አታሳልፉት።

አንዱ ጎን ብቻ ከነጣ አጠገባችሁ አምፖል አለ። የኔ የጎረቤታችን የእማማ የበር አምፖል ነበር። ሄጄ "እማማ፣ እስከ 5 ሰዓት ቢያጠፉልኝ" አልኳቸው፣ "ምን ልትሰራ ነው ልጄ በዚህ ብርድ" አሉኝ፣ ጋቢያቸውን እንደደረቡ አመጣኋቸውና በቴሌስኮፑ አሳየኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ጭስ ናት እንዴ?" አሉ። ኮከቦች ናቸው፣ ከመራቃቸው የተነሳ ነው ጭስ የመሰሉት አልኳቸው። ከዛ ወዲህ ቴሌስኮፑ ውጪ ከታየ አምፖሉን ሳልጠይቅ ያጠፉልኛል።

ጥጎቹ ጠቁረዋል፣ ክብ ክብ ጥላ አለ

ጥላዎቹ አቧራ ናቸው፣ በጋ ላይ አይቀርም። ፍላት አንሱ፣ ሶፍትዌሩ ጥላውን የሚያስወግድበት እኩል ብርሃን ያለው ፎቶ ነው፦ ካሜራውን ሳታዞሩ ፎከሱን ሳትነኩ ነጭ ነጠላ አጥፋችሁ ቱቦው አፍ ላይ ወጥሩና ሊነጋ ሲል ወደ ሰማይ አድርጋችሁ 25 ፍሬም፣ ሂስቶግራሙ መሀል ላይ። ካሜራውን ፈታችሁ ከገጠማችሁ ፍላቱ ዋጋ የለውም።

ስታክ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጭረቶች ወደ አንድ ጎን ከዘነቡ ደሞ ዲዘር ያስፈልጋል፣ በየጥቂት ፍሬሙ ቴሌስኮፑን በሪሞቱ ትንሽ ማንቀሳቀስ ነው። የካሜራውን የራሱን ጉድፍ ለመቀነስ ዳርክም አንሱ፣ ክዳኑ ተዘግቶ፣ በዛው አይኤስኦ፣ በዛው ሰከንድ፣ በዛው ብርድ ውስጥ።

ስታክ አድርጌ ጥቁር ነው የወጣው

ምንም አልተበላሸም። ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ፋይል) ካነሳችሁ ዳታው እዛው ጥቁሩ ውስጥ ነው፣ ስትሬች አልተደረገም (ደብዛዛው ክፍል አልደመቀም) ብቻ። ሲሪል የሚባለው የፎቶ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር ነፃ ነው፣ እይታውን አውቶ ስትሬች ላይ አድርጉት፣ ወዲያው ትወጣለች። ዲፕ ስካይ ስታከር የሚባለው ስታክ ማድረጊያ ሶፍትዌር "አንድ ፍሬም ብቻ ነው ስታክ የሚደረገው" ካላችሁ ኮከቦቹን በበቂ አላገኘም፣ የኮከብ መለያ መጠኑን፣ ትሬሾልዱን፣ ዝቅ አድርጉ፣ እሱም እምቢ ካለ ፎከሱ ነው።

ሁሉንም አስተካክላችሁ፣ ፍሬሙ ሙሉ ኮከቡ ሁሉ ነጥብ ሆኖ፣ ከአንድሮሜዳ መሀል አጠገብ አንዷ ብቻ ክብና ደብዘዝ ብላ ከታየቻችሁ ፎከሱን አትንኩት። እሷ ኮከብ አይደለችም፣ ኤም 32 ናት፣ ራሷን የቻለች ጋላክሲ፣ በአንድ ፎቶ ሁለት አነሳችሁ።