ደኩ ተሳስቷል፣ ዳኛ ይምጣ!

ዓርብ ማታ ነው፣ የማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የካርድ ጨዋታ ውድድር አለ፣ ካርድ ሱቁ ሞልቷል፣ ዳኛው እናንተ ናችሁ። አንዱ እጁን ያወጣል። «ደኬ ውስጥ 57 ካርድ ነው ያለው» ይላችኋል፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። ደክ ማለት ተጫዋቹ ይዞት የሚጫወትበት የካርድ ስብስብ ነው፣ እዚህ ትንሹ ቁጥር 60 ነው።

መጀመሪያ አረጋጉት። ማጂክ ላይ ከባድ በሚባሉት ውድድሮች የደክ ስህተት አንድ ጌም ሊያስከፍል ይችላል (ጌሙን እንደተሸነፈ ይቆጠርበታል)። የሱቅ ውድድር ግን ሬጉላር በሚባለው ደረጃ ነው የሚዳኘው፣ እዚያ ሥራችሁ አስተካክሎ ማጫወት ነው። ሰውየው ከሥራ ወጥቶ፣ ከፍሎ፣ ሊዝናና ነው የመጣው።

ቀጥሎ የጠፉትን ፈልጉ። ሳጥኑን እዩ፣ ምንጣፉን አንሱ፣ ካልተገኘ ቀደም ሲል የተጫወተውን ሰው ጠይቁ፤ የአንዱ ካርድ በሌላው ክምር ውስጥ ተበውዞ መሄዱ ያለ ነው። (የሁለቱም ስሊቭ፣ ማለትም የካርዱ መሸፈኛ ፕላስቲክ፣ ጥቁር ከሆነ በቃ፣ ማንም አያየውም።) ከተገኙ የሚሳብበት ክምር ውስጥ አስገብታችሁ በውዙ። ካልተገኙስ? 60 እስኪሞላ የፈለገውን ቤዚክ ላንድ (ሌሎቹን ካርዶች ለመጫወት መክፈያ የሚሰጥ መሠረታዊ የመሬት ካርድ) ይጨምር፣ ተራራም ይሁን ደን። ደኩ እዚያው ከሚከፈቱ ፓኬቶች በሚሠራባቸው በሲልድና በድራፍት ውድድሮች ትንሹ ቁጥር 40 ነው፣ መፍትሔው ያው ነው። ያልተፈቀደ ካርድ ወይም በ60ው ደክ ከአንድ ካርድ አምስተኛ ቅጂ (ከቤዚክ ላንድ በቀር የሚፈቀደው እስከ አራት ነው) ከተገኘም ትርፉ ይወጣል፣ ጎዶሎው በላንድ ይሞላል።

ሌላው የተለመደ ነገር ሳይድቦርድ ነው፣ ማለትም ከደኩ ውጭ ተቀምጠው በጌሞች መካከል የሚቀየሩት ተጨማሪ ካርዶች። አንዲት ልጅ ባለፈው ዙር ሁለት ካርድ ቀይራ ነበር፣ ሳትመልስ አዲስ ዙር ጀመረች፣ ክምሯን ገልጣ ላንድ ስትፈልግ ካርዱን አየችው፣ ራሷ ጠራቻችሁ። እዚህ ላይ ብዙ መፈላሰፍ አያስፈልግም። የገባው ይውጣ፣ የወጣው ይግባ፣ ይበወዝ፣ ይቀጥሉ። በቀስታ «በየዙሩ ቁጠሪ» በሏት። ይህንኑ ስህተት ደጋግማችሁ እየነገራችሁት የሚደጋግም ሰው ካለ ግን ጌም መቀማት ትችላላችሁ፣ እኔ እዚያ ለመድረስ አልቸኩልም።

ማጭበርበር ከጠረጠራችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ተጫዋቹን ከጠረጴዛው ራቅ አድርጉትና ጠይቁት፣ ሰው ፊት «አጭበርብረሃል?» አይባልም። መቼ እንዳየው፣ ስህተቱ ማንን እንደጠቀመ፣ አይቶ ዝም ብሎ እንደሆነ ለማወቅ ሞክሩ። ራሱን በራሱ የጠቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ንጹሕ ነው። አውቆ ያደረገው ከሆነ ግን የሱቅ ውድድርም ቢሆን ከውድድሩ ይባረራል።

ስትጨርሱ የወሰዳችሁባቸውን ጊዜ መልሱላቸው። ሰባት ደቂቃ ከፈጀ ሰባት ደቂቃ ጨምሩና የውጤት ወረቀታቸው ላይ ጻፉት፣ ዙሩ ሊያልቅ ሲል ተሯሩጣችሁ ስንት እንደሰጣችሁ እንዳትረሱ።