የጨብጥ ጀርም በሕይወት ላቦራቶሪ ይድረስ

በጤና ጣቢያ ጨብጥ የሚታከመው በአብዛኛው ምልክቱ ታይቶ ነው። ፈሳሽ አለ፤ መርፌና ክኒን ይሰጣል፤ ሰውየው ይሄዳል። ለታካሚው መልካም ነው፤ ጀርሙ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ ግን በዚህ መንገድ አይታወቅም። ጎንደር ውስጥ አዲስ ለሚመደቡ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ መሣሪያ የለንም ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት ጀርሙ ሳይሞት መድረሱን አረጋግጡ።

ናሙናው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ይወሰድ። ብዙዎች የሚመጡት ከመድኃኒት ቤት ገዝተው የዋጡት ሳያሽላቸው ሲቀር ስለሆነ፣ «እስካሁን ምን ወሰዱ?» ብላችሁ በለሰለሰ አንደበት ጠይቁ። የተቆጣ ፊት ያየ ሰው እውነቱን አይናገርም። ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወይም ሁመራ ቆይቶ እንደሆነም መዝግቡ፤ ስሙን ግን በመለያ ቁጥር ተኩት።

ጥጥ ጀርሙን ሊጎዳው ስለሚችል ጫፉ ዳክሮን ወይም ሬዮን የሆነ ማንሻ ተጠቀሙ። ናሙናውን እዚያው ቸኮሌት አጋር ወይም ታየር ማርቲን በሚባሉት የጀርም ማሳደጊያ ምግቦች ላይ መዝራት ይመረጣል። ካልተቻለ ከሰል ባለበት አሚስ (የናሙና ማጓጓዣ) ውስጥ አድርጋችሁ በ24 ሰዓት ውስጥ አድርሱት። ፍሪጅ ውስጥ እንዳይገባ! ናሙና ሲባል ብርድ ቦታ የማስቀመጥ ልማድ ስላለን ደጋግሜ እናገራለሁ። በክረምት የጎንደር ብርድም ቀላል አይደለም፤ በባጃጅ ስትልኩት በጨርቅ ጠቅልሉት።

ናሙናው የተዘራበት ሳህን ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሙቀትና 5 በመቶ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል። ልዩ ኢንኩቤተር (ጀርም ማሳደጊያ ሣጥን) ከሌለ ሳህኖቹን በሚገጠም ማሰሮ ውስጥ እርጥብ ፋሻ ጨምራችሁ ሻማ ለኩሱና ክደኑት። ሻማው ነጭ ይሁን፤ ቀለምና ሽቶ ያለው ጀርሙን ይመርዛል። የንብ ሰም ጧፍ ይሆናል፤ በዚህ ከተማ ደግሞ ጧፍ አይጠፋም።

ከበቀለ በኋላ በግራም ስቴይን (የጀርም ማቅለሚያ) ጥንድ ሆነው የሚታዩ ሮዝ ክቦችን ፈልጉ፤ ኦክሲዴዝ የሚባለው የኢንዛይም ፈተናም ፖዘቲቭ መሆን አለበት። ማንነቱ ሲረጋገጥ ጀርሙን በ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) አዘጋጅታችሁ በ15 ደቂቃ ውስጥ ጂሲ አጋር ላይ ዝሩት፤ መድኃኒት የያዙትን ዲስኮች አስቀምጡ፤ ከ20 እስከ 24 ሰዓት በኋላ በዲስኩ ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበትን ክብ በሚሊሜትር ለኩ። በሲኤልኤስአይ (የላቦራቶሪ መስፈርት አውጪ ተቋም) መስፈርት ለሲፕሮፍሎክሳሲን 27 እና ከዚያ በታች ተላምዷል ማለት ነው። ለሴፍትሪያክሶን 35 እና ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒቱ ይሠራል። የፈተናውን ትክክለኛነት የምናይበት መቆጣጠሪያ ጀርም ኤቲሲሲ 49226 በሴፍትሪያክሶን ከ39 እስከ 51 ካልሰጠ የዚያን ቀን ውጤት አትመዝግቡ።

ለሴፍትሪያክሶን ከ35 በታች የሆነ ክብ ስታዩ አትደንግጡ፤ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ደውሉ፣ ፈተናውን ድገሙ፣ በኢ-ቴስት (ጀርሙን የሚገታውን የመድኃኒት መጠን በሚለካ ቁራጭ) አረጋግጡ። ጀርሙን 20 በመቶ ግሊሰሮል ባለው ብሮዝ (ፈሳሽ የጀርም ምግብ) ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አስቀምጡት፤ አዲስ አበባ ላለው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም አሳውቁ።

ውጤቱን በነፃ በሚገኘው ሁኔት (WHONET) ሶፍትዌር መዝግቡ። የዓለም ጤና ድርጅት አንድን መድኃኒት የተላመደው ጀርም 5 በመቶ ሲደርስ ሕክምናው እንዲቀየር ይመክራል፤ ስለዚህ በአንድ ሕመም ደጋግሞ የመጣን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ቁጠሩ፤ አለበለዚያ መቶኛው ያለ ምክንያት ያብጣል።