በአሮጌ ዲኤክስ ላይ የዘይት ግፊት ጌጅ መስመር እንዴት ይዘረጋል?

የኔ ቶዮታ ዲኤክስ ዳሽቦርድ ላይ ስለ ሞተር ዘይት የምትናገር አንዲት ቀይ መብራት ብቻ ነበረች። የመብራቷ ችግር ዘግይታ መናገሯ ነው። ግፊቱ ወደ 0.3 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) አካባቢ ካልወረደ አትበራም። የጋለ ሞተር ግን በደቂቃ 3000 ዙር ሲሽከረከር ቢያንስ 2.5 ባር ይፈልጋል። በሁለቱ መካከል ብሮንዚናው (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) ሲበላ እሷ ዝም ነው።

ስለዚህ ጌጅ፣ ማለትም ግፊቱን በቀስት የሚያሳይ መለኪያ፣ ገጠምኩ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የማወራው ዘይቱ ራሱ በቱቦ እስከ ጌጁ ስለሚደርስበት ዓይነት ነው። ቮልስ ያላችሁ፣ ሞተራችሁ ከኋላ ስለሆነ በሽቦ የሚሠራው ይሻላችኋል። ጌጁን መስቀል ማንም ይችላል። ሰው የሚሳሳተው መስመሩ ላይ ነው፤ ያቺ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ቱቦ ትኩስ ዘይት ይዛ እስከ ጉልበታችሁ አጠገብ ትመጣለች።

መጀመሪያ ሞተሩ ይብረድ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ቀይዋን መብራት የምታበራውን፣ አንድ ሽቦ ብቻ የገባባትን የዘይት ስዊች ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፊልትሮው ብዙ አትርቅም። ከስር ጨርቅ አድርጋችሁ ፍቷት። ትንሽ ዘይት ይንጠባጠባል፣ አትደንግጡ።

ስዊቿን በኪሳችሁ ይዛችሁ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሂዱ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ከጌጁ ጋር የሚመጣው ማገናኛ ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ጥርስ ነው፤ በአንድ ኢንች 27። የቶዮታው ደግሞ 28 ነው። ሁለቱም «አንድ ስምንተኛ» ስለሚባሉ ባለሱቁ «ያው ነው፣ ይገባል» ሊላችሁ ይችላል። በመፍቻ ካስገደዳችሁት አዎ፣ ይገባል። የሞተሩን ጥርስ በልቶ፣ ከዚያም እያንጠባጠበ። ትክክለኛው በእጅ ብቻ ሁለት ሦስት ዙር ሳያንገራግር መሄድ አለበት።

የምትገዙት የነሐስ ቲ ነው። አንዱ አፍ ሞተሩ ላይ ይገባል፣ በሁለተኛው የድሮዋ ስዊች ትመለሳለች፣ ሦስተኛው ለጌጁ መስመር ነው። መብራቷን አታስወጧት። እናንተ ዓይናችሁ ባጃጅ ላይ ሲሆን እሷ ትጠብቅላችኋለች። ቴፍሎን ስትጠመጥሙ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት፤ ቁራጩ ወደ ዘይት መንገድ እንዳይገባ። አታብዙትም። ስዊቿ ኔጌቲቭ የምታገኘው በጥርሷ በኩል ስለሆነ በቴፍሎን ከታፈነች መብራቷ ጭራሽ ላትበራ ትችላለች።

አሁን ቱቦው። ናይለን ርካሽ ነው፣ እንደፈለጉ ይታጠፋል፣ ሙቀት ግን አይችልም። በመጀመሪያው ሙከራዬ ናይለን ዘርግቼ ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አጠገብ አሳለፍኩት። በጎንደር መንገድ ወረታ ልደርስ ስል የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ኮፈኑን ስከፍት ቱቦው ቀልጦ ዘይቱ ማኒፎልዱ ላይ እየጨሰ ነው። እሳት አለመነሳቱ እድሌ ነው። ጥፋቱም የራሴ ነበር።

ከዚያ በኋላ መዳብ ገዛሁ። መዳብም ጠባይ አለው፤ ንዝረት ሲበዛበት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ሞተሩ በተቀመጠባቸው የጎማ ትራሶች ላይ ይወዛወዛል፣ ቦዲው ግን ቆሞ ነው ያለው። ስለዚህ ቱቦውን ቀጥ አድርጋችሁ አትወጥሩት። ከሞተሩ ሲወጣ የቡና ሲኒ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠምጥሙትና ሲኒውን አውጡ። ያ ጥቅል ንዝረቱን ይውጣል። (የሲኒውን ነገር ቤት ውስጥ አስቀድማችሁ አስፈቅዱ።)

ከማኒፎልዱ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቁት። ከመሪው ዘንግና ከነዳጅ መርገጫው ገመድም እንዲሁ። ወደ ውስጥ የሚገባው ሽቦዎች በሚያልፉበት ቀዳዳ ቢሆን ጥሩ ነው። ቦታ ከሌለ በትራፓኖ ብሱ፣ ከመብሳታችሁ በፊት ግን ከጀርባው ያለውን እዩ። ቀዳዳው ጎሚኒ ያስፈልገዋል። የቆርቆሮ ጠርዝ መዳብን እንደ መጋዝ ይበላል። መስመሩን በየስንዝሩ በፋሼታ እሰሩ፤ ጥቅሉን ግን ልቀቁት።

ጫፎቹ ላይ መጀመሪያ ዳዶው፣ ቀጥሎ ትንሿ የነሐስ ቀለበት ይገባሉ። ቱቦው እስከ መጨረሻው ከተገፋ በኋላ በእጅ አጥብቁ። ከዚያ በመፍቻ ሩብ ወይም ግማሽ ዙር፣ በቃ። ጌጁ ጀርባ ላይ ሁለት መፍቻ ያዙ፣ አንዱ ጌጁ እንዳይዞር ለመያዝ። የጌጁን አምፖል ከዳሽቦርዱ መብራት ሽቦ ጋር አገናኙና ባትሪውን መልሱ።

አስነሱ። ቀስቱ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ አጥፉ። ከተነሳ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትረግጡ) ተዉትና ማገናኛዎቹን አንድ በአንድ በሶፍት ጥረጉ፤ ዓይን የማያየውን ሶፍት ያሳያል። ቱቦው ውስጥ የሚቀረው አየር ቀስቱን ትንሽ ያዘገየው እንደሆነ እንጂ አይጎዳም።

ቁጥሩን ለማመን ሞተሩ መጋል አለበት። እኔ ባሕር ዳር ወዳለው የቤዛዊት ዳገት ወጥቼ ነው የማየው። ጠዋት ሲነሳ 4 ባር ያሳየ ሞተር ሲግል በሚኒሞ ወደ 1 ቢወርድ የተለመደ ነው። ዳገቱ ላይ ዙሩ 3000 ሆኖ ከ2.5 በታች ከሆነ ግን መጀመሪያ የዘይቱን መጠን ለኩ፣ ከዚያ መካኒክ አሳዩ። ወፍራም ዘይት ጨምሮ ቁጥሩን ማሳመር ራስን ማታለል ነው።

መንገድ ላይ መስመሩ ቢበጠስ ሞተሩን ወዲያው አጥፉ። ቲዋን ፈትታችሁ ስዊቿን በቀጥታ ሞተሩ ላይ መልሱ፣ ዘይት ሙሉና ሂዱ። እኔም ወረታ የደረስኩት እንዲህ ነው። አሁን የቲዋ መፍቻና አንድ ሊትር ዘይት ከመቀመጫው ስር አይጠፉም።